የቦንሳይ ዛፍ ተባዮችን እንዴት መለየትና መቆጣጠር እንደሚቻል

በትልቅ ዛፍ ላይ ሃምሳ ቅጠል ቢጎዳ ማንም ልብ አይለውም። በቦንሳይ፣ ማለትም በትንሽ ማሰሮ ውስጥ እየተገረዘ በድንክነት በሚያድግ ዛፍ ላይ ግን ሃምሳ ቅጠል ማለት ዓመታት የተለፋበት አንድ ሙሉ ቅርንጫፍ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ተባይ ሲያይ መድኃኒት ለመርጨት የሚጣደፈውም ለዚህ ነው። እባክዎ አይጣደፉ። አንዱን ተባይ የሚገድል መድኃኒት ሌላውን ሊያበዛው ስለሚችል መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይወቁ።

1. ዛፉን ይፈትሹ

በሳምንት አንድ ጊዜ የቅጠሎቹን ጀርባ፣ ለጋ ቡቃያዎቹንና የቅርፊቱን ስንጥቅ በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ቅጠሉ እጅ ላይ ከተጣበቀ ወይም ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ከለበሰ፣ የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥጥ ተባይ በአቅራቢያው አለ። ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ ካዩ ዱካውን ይከተሉ። ጉንዳን እነዚህ ተባዮች የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልግ ከጠላቶቻቸው ይጠብቃቸዋል።

2. ማንነቱን ይለዩ

ክሽክሽ በለጋ ቡቃያ ላይ ተሰብስቦ የሚገኝ ገላው ለስላሳ ነፍሳት ነው። ሚሊባግ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት ቦታ የተወተፈ ነጭ ጥጥ ይመስላል። ስኬል የሚባለው የቅርፊቱ አካል መስሎ ስለሚጣበቅ ብዙዎችን ያታልላል፤ በጥፍር ሲገፋ ተፈንቅሎ ከወጣ ተባይ ነው።

እኔ አብዝቼ የምፈራው ቀይ ሸረሪትን ነው። በዓይን ለማየት እጅግ ያዳግታል፤ ሞቃትና ደረቅ አየር ይስማማዋል። ጥድ ደግሞ ክፉኛ ከተጎዳ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ስለሚቆይ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ቅጠሉ ወዙን አጥቶ ወደ ግራጫ ካደላ፣ ከቅርንጫፉ ሥር ነጭ ወረቀት ይዘው ቅርንጫፉን መታ መታ ያድርጉት። ወረቀቱ ላይ ከወደቁት ነጥቦች የሚንቀሳቀሱ ካሉ አግኝተውታል። ይህ ፍጡር ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለም። ብዙ የነፍሳት መድኃኒቶች እሱን ትተው እሱን የሚበሉትን ስለሚገድሉ፣ ከርጭቱ በኋላ ይበልጥ ሊራባ ይችላል።

3. አግልለው ይጠቡት

የተጠቃውን ዛፍ ከሌሎቹ ያርቁ። አፈሩን በፕላስቲክ ሸፍነው ዛፉን በጎኑ ካጋደሙ በኋላ የቅጠሎቹን ጀርባ ጠንከር ባለ ውሃ ይጠቡ። ክሽክሽና ቀይ ሸረሪት ገና ሲጀምሩ ከተደረሰባቸው፣ በየጥቂት ቀናት የሚደገም እጥበት ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

4. እንደ ተባዩ ዓይነት ያክሙ

ሚሊባግን 70 በመቶ አልኮል በነካ ጥጥ አንድ በአንድ ይንኩት። ስኬል ሽፋኑ ርጭትን ስለሚከላከልለት በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይፈንቅሉት። ለተረፈው፣ ለዕፅዋት የተዘጋጀ ፀረ ተባይ ሳሙና በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጠው ይርጩ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል። አስቀድመው በጥቂት ቅጠሎች ላይ ሞክረው ሁለት ቀን ይጠብቁ። የተጠማ ዛፍ አይርጩ፤ የቀትር ፀሐይንም ያስወግዱ።

ቀይ ሸረሪት በእጥበትና በሳሙና ካልተበገረ ለእሱ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ያስፈልጋል። ዘይት ነክ መድኃኒት ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ያለውን ጥድ ቀለሙን ያሳጣዋል።

5. ይድገሙት

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ሳሙና የነካውን ብቻ ይገድላል፤ እንቁላሎቹ ይተርፋሉ። በየ5 እስከ 7 ቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ካልረጩ የተፈለፈሉት ቦታውን ይተካሉ።

6. ሥሩን አይርሱ

አፈር ሲቀይሩ ሥሩ ላይ ነጭ ነገር ካዩ በማጉያ መነጽር ያረጋግጡ። በውስጡ ነፍሳት ካሉ የሥር ሚሊባግ ነው። ፓይን በተባለው መርፌ መሰል ቅጠል ባለው ዛፍ ሥር ላይ የሚታየው ድር መሰል ነጭ ፈንገስ ግን ዛፉ ውሃና ማዕድን እንዲያገኝ የሚረዳ ወዳጅ ስለሆነ አጥበው አያስወግዱት። አዲስ የመጣ ዛፍም ይህን ሁሉ ፍተሻ አልፎ አንድ ወር ያህል ለብቻው ሳይቆይ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀል።