ኢንዛይሙ ሞቷል ብዬ ነበር
የአይጥ ሉኪሚያ ቫይረስን ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (ከአርኤንኤ ዲኤንኤ የሚሠራ ኢንዛይም) ለካሁ። ውጤቱ ቫይረስ ከሌለበት ናሙና እምብዛም አይለይም። በዚያው ቀን የለካሁት የኤችአይቪ ኢንዛይም ግን በደንብ ሠርቷል። መጀመሪያ በረዶ የሆነውን ቫይረስ ደጋግሜ በማቅለጤ አበላሸሁት አልኩ። አዲስ አወጣሁ፤ ያው ነው። የቫይረሱ ሽፋን አልተከፈተ ይሆናል ብዬ ዲተርጀንት (ሳሙና መሰል ነገር) ጨመርኩ። ወይ ፍንክች!

ለካስ ለሁለቱም የተጠቀምኩት ማግኒዚየም ያለበት አንድ በፈር (ኢንዛይሙ የሚሠራበት ፈሳሽ) ነው። የኤችአይቪው ማግኒዚየም ይወዳል። የአይጡ ግን፣ በተለይ ፖሊ አርኤ (የሚገለብጠው አርኤንኤ) እና ኦሊጎ ዲቲ (መነሻ የሚሆነው አጭር ዲኤንኤ) ሲሰጠው፣ ማንጋኒዝ ካላገኘ ይለግማል። ማግኒዚየሙን ትቼ 1 ሚሊሞላር ገደማ ማንጋኒዝ ክሎራይድ አስገባሁ። ቁጥሩ ወዲያው ከፍ አለ።

በነገራችን ላይ፣ ማንጋኒዝ ያለበት በፈር ሲቆይ ከአየሩ ኦክስጅን የተነሳ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ማንጋኒዙን የምጨምረው ልሠራ ስል ነው።