ትልልቅ ዲስክ ያለውን ሰርቨር ወደ ቨርቹዋል ማሽን ማዛወር

ከቃሊቲ ወጥቶ በገላንና በዱከም በኩል፣ ወይም ደግሞ በሰበታ መንገድ ላይ በተደረደሩት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ውስጥ በፒችትሪ (የሂሳብ አያያዝ ሶፍትዌር) የተያዘ ሂሳብን፣ የደመወዝ መዝገብንና ለዓመታት ስካን የተደረጉ ሰነዶችን ብቻውን ተሸክሞ የሚኖር አሮጌ ሰርቨር ማግኘት የተለመደ ነው። ይህን ሰርቨር ወደ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ወደሚሠራ ማሽን) ለማዛወር የሚነሣ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ገና ሲጀምር፣ ማሽኑን ከነሙሉ ዲስኩ በአንድ ምስል (የዲስኩን ይዘት እንዳለ በሚይዝ ፋይል) ለመቅዳት ሲወስን ነው። የዚህ ጽሑፍ ምክር ሲስተሙንና ዳታውን ለያይቶ፣ ሲስተሙን በምስል፣ ዳታውን ግን በፋይል ቅጂ ማዛወር ነው።

ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። የ1 ጊጋቢት ኔትወርክ ሲበረታ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል፤ በዚህ ፍጥነት 4 ቴራባይት ለመቅዳት 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በመካከል አንድ አሮጌ የ100 ሜጋቢት ስዊች (የኔትወርክ ገመዶችን የሚያገናኝ ሳጥን) ካለ ግን ያው ሥራ ከአራት ቀን በላይ ይወስዳል፤ ከከተማው ዳር መብራት ሳይቆራረጥ አራት ቀን መቆየቱን ደግሞ ማንም ዋስ አይሆንም። እኔም በአንድ መጋዘን ውስጥ ሲቀዳ ያደረ ምስል ሊነጋጋ ሲል ተቋርጦብኝ ከዜሮ ጀምሬአለሁ። ሁለቱም ማሽኖች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ነበራቸው፤ በመካከላቸው ያለው ስዊች ግን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነበር። የተቋረጠ ምስል አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ የተቋረጠ የፋይል ቅጂ ግን ካቆመበት ይቀጥላል።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ባክአፑ በእርግጥ እንደሚመለስ ጥቂት ፋይሎችን አውጥተው ይሞክሩ፤ የዲስኮቹንም ጤንነት ይመርምሩ፤ ያረጀ ዲስክ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ሲነበብ ድንገት ሊሞት ይችላል። ቀጥሎ ሰርቨሩ የሚነሣው በባዮስ ነው ወይስ በዩኢኤፍአይ (የድሮውና የአዲሱ የማሽን ማስነሻ)፣ ዲስኩስ የተከፋፈለው በኤምቢአር ነው ወይስ በጂፒቲ (የድሮውና የአዲሱ የዲስክ አከፋፈል) የሚለውን መዝግበው ይያዙ። በሃይፐር-ቪ (የማይክሮሶፍት ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ በባዮስ የሚነሣ ሲስተም ጀነሬሽን 1፣ በዩኢኤፍአይ የሚነሣ ደግሞ ጀነሬሽን 2 ማሽን ይፈልጋል፤ ይህ ምርጫ ማሽኑ ከተፈጠረ በኋላ ስለማይቀየር መጀመሪያውኑ መታወቅ አለበት። አዲሱ የዳታ ዲስክ ከ2 ቴራባይት በላይ ከሆነ በጂፒቲ ይከፋፈል፤ ቨርቹዋል ዲስኩን የሚይዘው ፋይልም ዓይነቱ ቪኤችዲኤክስ ይሁን፤ የድሮው ቪኤችዲ 2040 ጊጋባይት ላይ ሲያበቃ ቪኤችዲኤክስ እስከ 64 ቴራባይት ይሄዳል።

ለዊንዶውስ ሲስተም ዲስክ2ቪኤችዲ የተባለው የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ ይበቃል። ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ መቅዳት ይችላል፤ የሲስተሙን ክፍልፍል ብቻ እንዲመርጡም ይፈቅዳል። ሲስተሙና ዳታው በአንድ ሬይድ (እንደ አንድ ዲስክ በሚሠሩ የተጣመሩ ዲስኮች) ላይ ከሆኑ የዲስኩ ስፋት በምስሉ ላይ በስም ይታያል እንጂ ያልተመረጠው ዳታ አይቀዳም።

ዳታውን በተመለከተ፣ ቨርቹዋል ማሽኖቹን በሚሸከመው አዲስ ኮምፒውተር ላይ ጊዜያዊ ቨርቹዋል ማሽን አዘጋጅተው ባዶውን የዳታ ዲስክ ያገናኙበት፤ ከዚያም በሳምንቱ ውስጥ ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ የመጀመሪያውን ረጅም ቅጂ በሮቦኮፒ (የዊንዶውስ ፋይል መቅጃ ትእዛዝ)፣ በሊኑክስ ከሆነ በአርሲንክ ያካሂዱ። የፋይል ፈቃዶች አብረው እንዲቀዱ ማዘዝ አይርሱ። ከምንጩ የጠፋውን ከመድረሻውም የሚያጠፋውን ምርጫ ሲጠቀሙ አቅጣጫውን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ ምንጭና መድረሻ ከተገለባበጡ ባዶው ዲስክ ሙሉውን ይጠርገዋልና።

ወሳኙ ዝውውር ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይቀጠር። ሠራተኛው ሁሉ ከፒችትሪ መውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ የሲስተሙን ምስል ያንሡ፤ ከዚያም ያንኑ የፋይል ቅጂ ይድገሙ። ሁለተኛው ቅጂ የተለወጠውን ብቻ ስለሚወስድ ከመጀመሪያው እጅግ ያጥራል። ከዚያ የዳታውን ዲስክ ከጊዜያዊው ማሽን አላቅቀው ከምስሉ ከተሠራው አዲስ ቨርቹዋል ማሽን ጋር ያገናኙ፤ አዲሱን ከማስነሣትዎ በፊት ግን የድሮውን ሰርቨር ያጥፉ፤ ሁለቱ በአንድ ስምና በአንድ አይፒ አድራሻ ጎን ለጎን ከተነሡ ሰኞ ጠዋት ምክንያቱ የማይገባ ችግር ይገጥምዎታል።

አዲሱ ማሽን ሲነሣ ሰማያዊ ስክሪን ካሳየ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው የዲስክ ድራይቨር (ሲስተሙ ዲስኩን እንዲያውቅ የሚያደርግ ሶፍትዌር) ነው። በፕሮክስሞክስ (ሌላው የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ) ላይ የሲስተሙን ዲስክ በመጀመሪያ በሳታ (በተለመደው የዲስክ ግንኙነት) ያስነሡ፤ አንድ ትንሽ ባዶ ዲስክ በቪርትአይኦ (ለቨርቹዋል ማሽን በተሠራው ግንኙነት) አገናኝተው ድራይቨሩን ከጫኑ በኋላ ዋናውን ወደ ቪርትአይኦ ይቀይሩ። ቀጥሎ ለዳታው ዲስክ የቀድሞውን የድራይቭ ፊደል ይስጡት። የዊንዶውስ ሼሮች (በኔትወርክ የሚጋሩ ፎልደሮች) ዝርዝር በሲስተሙ ሬጅስትሪ (የቅንብር መዝገብ) ውስጥ አብሮ ስለመጣ፣ ማሽኑን ሌላ ጊዜ ሲያስነሡት ሼሮቹ በቦታቸው ይገኛሉ። አዲሱ የኔትወርክ ካርድ ግን አድራሻውን ከድሮው ስለማይወርስ አይፒውን በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል።

ሁለት ነገሮች አስቀድመው ይታዩ። ከሰርቨሩ ጋር አብሮ የተገዛ የኦኢኤም ዊንዶውስ ፈቃድ ከዚያው ሃርድዌር ጋር የታሰረ በመሆኑ ለቨርቹዋል ማሽኑ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። በዩኤስቢ ቁልፍ የሚሠራ ሶፍትዌር ካለም ሃይፐር-ቪ ቁልፉን በቀጥታ ለቨርቹዋል ማሽኑ አያስተላልፍም፤ ፕሮክስሞክስና ቪኤምዌር ግን ያስተላልፋሉ።

የድሮው ሰርቨር የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሎ፣ ዲስኮቹ ሳይነኩ፣ ቢያንስ የአንድ ወር የሂሳብ መዝጊያና ደመወዝ በአዲሱ ማሽን ላይ እስኪሠራ ድረስ ባለበት ይቆይ። ኃላፊው ቦታውን ለሌላ ዕቃ ቢፈልገው እንኳ ማሽኑን ወደ ጥግ ያንሡት እንጂ ዲስኮቹን ለሌላ ሥራ አይስጡ።