አንባቢ የሚመርጠው የመጽሐፍ ሽልማት እንዴት ይዘጋጃል?

ደብረ ብርሃን ማታ ማታ ብርዱ ከቤት አያስወጣም። ስለዚህ እናነባለን። አንብበን ስንጨርስ ደግሞ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እንጨቃጨቃለን፤ ሽልማቱም ከዚያ ጭቅጭቅ የተወለደ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት አበላሽተነዋል። ፖል ለቀቅን፣ ተኛን። ጠዋት ስንነሳ አንዱ መጽሐፍ ሌሎቹን ጥሎ ሄዷል። ፖል ፎርዋርድ ሲደረግ የሌላ ግሩፕ ሰዎችም ገብተው እንደሚመርጡ አላሰብንበትም ነበር። አንዱን መራጭ "መጨረሻውን እንዴት አገኘኸው?" ብዬ ብጠይቀው "ኧረ እኔ አላነበብኩትም፣ ደራሲው የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ ነው" አለኝ። እውነቱን በመናገሩ አመሰገንኩት። ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ሁሉ ያነበበውን ካላነበበው ለመለየት ነው።

በመጀመሪያ ደንቡን ጻፉ፤ እጩዎቹ ሳይታወቁ። የእኛ ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ ልብ ወለድ ብቻ ነው የሚለው። የሕትመት ዓመቱን መጽሐፉን ገልጣችሁ እዩ። አንዱ 2016፣ ሌላው 2024 ቢል የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፎ ነው። ድጋሚ እትም አዲስ ሽፋን ለብሶ ሲመጣም ያታልላል።

ቀጥሎ ጥቆማ ነው። አባል ሁሉ አንድ መጽሐፍ ይጠቁም፣ ለምን እንደወደደውም በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። "አሪፍ ነው" ብቻ ያለ አይቆጠርለትም። ቢያንስ ሦስት ሰው ከጠቆማቸው ውስጥ አምስቱን ያዙ። አሥር ማድረግ ያጓጓል፣ ግን ማን ያነባቸዋል?

ለንባብ ሁለት ወር ስጡ። መጽሐፍ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላለው ሰው ደግሞ ገና ይቀረዋል። እኛ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቅጂ በመዋጮ ገዝተን፣ ማን እንደወሰደ ደብተር ላይ እየጻፍን እናዟዙራለን። በፒዲኤፍ ማሰራጨት ይቀላል። ግን የሰውን ድካም በነጻ እየበተኑ እሱኑ መሸለም ቀልድ ነው።

አሁን ዋናው፣ ድምፁ። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። እንበልና አንዱን መጽሐፍ 60 ሰው፣ ሌላውን 14 ሰው አንብቦታል። በእጅ ብልጫ ከሄዳችሁ ሁለተኛው ከጅምሩ ተሸንፏል። በአማካይ ነጥብ ከሄዳችሁ ደግሞ አምስት ወዳጆች ብቻ ያነበቡት መጽሐፍ 5 ከ5 አምጥቶ ቁጭ ይላል።

እኛ መራጩን ያነበባቸውን ብቻ በደረጃ እንዲያስቀምጥ እንጠይቃለን። ከዚያ እንደ እግር ኳስ መጽሐፎቹን ሁለት ሁለት እያደረግን እናጋጥማለን። ሁለቱንም ያነበቡት 12 ሰዎች ቢሆኑና 8ቱ ሁለተኛውን ቢያስቀድሙ፣ ያንን ግጥሚያ ሁለተኛው አሸነፈ። አምስት መጽሐፍ 10 ግጥሚያ አለው። ብዙ ግጥሚያ ያሸነፈ ይወስዳል፤ እኩል ከወጡ እርስ በርስ ሲጋጠሙ ያሸነፈውን እናያለን። የሰፈሩን ልጅ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰውስ? ድምፁ የትኛውም ግጥሚያ ውስጥ አይገባም። ማንንም ማባረር፣ ከማንም መጣላት አላስፈለገንም።

አንድ ሳጥን ጨምሩ፦ "ዘንድሮ የሚሸለም የለም"። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ለሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚሰጠው፣ በአንባቢዎች ድምፅ የሚወሰነው የሁጎ ሽልማትም እንዲህ ያለ ምርጫ አለው። ደረጃ እያስያዘ ማስመረጡም ከእኛ ጋር ይመሳሰላል።

ለድምፁ ጎግል ፎርም ይበቃል፤ አንድ ሰው አንዴ ብቻ እንዲሞላ አድርጋችሁ ክፈቱት። መምረጥ የሚችለው ከጥቆማው በፊት አባል የነበረ ብቻ ይሁን። ኔትወርክ ሲጠፋ ለቀናት ስለሚጠፋ እኛ ሁለት ሳምንት ክፍት እናደርገዋለን፤ በወረቀት የሚልክም አለ፣ በታሸገ ፖስታ በሰው እጅ ይመጣል። ቆጠራውን ሁለት ሰው ለየብቻ ይሥራው። የመራጮቹን ስም አጥፍታችሁ ውጤቱን ከነዝርዝሩ ለጥፉት።

የሽልማቱ ስም ላይ ጊዜ አታጥፉ። የመርሐቤቴ ልጆች በአገራቸው ሰው በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስም ይሰየም አሉ። መንዞች ደግሞ የራሳቸውን ሰው አመጡ። ሦስት ሳምንት ተከራክረን ሽልማቱ እስካሁን ስም የለውም።

የምንሸልመው የመንዝ ባና ነው። ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ አዲስ ሲሆን የበጉ ሽታ ገና ያልለቀቀው ወፍራም ብርድ ልብስ። ለአሸናፊው አዲስ አበባ ልንልክለት ጠቅልለን ሚኒባስ ላይ ስንጭነው ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አይቶት የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀን። የማጓጓዣውንም መዋጮው ውስጥ አስቡት።