ቅጣቱን ከፍሎ የሚቀር እድርተኛ እና ሌሎች ስህተቶቻችን

ጎንደር ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስም ጠርቻለሁ፣ ቀሪ መዝግቤያለሁ፣ ድንኳን ተሸክሜያለሁ። ሰሞኑን አዲስ እድር የሚያቋቁሙ የአዘዞ ወጣቶች «ደንባችንን እይልን» ብለው መጡ። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ቅጣት ነበር። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ስለዚህ ልጻፈው።

ቅጣትን የመቅረት ዋጋ ማድረግ። እድራችን ከቀብር ለቀረ ሰው ትንሽ ቅጣት ነበረው። ቀሪው ሲበዛ «ቅጣቱ ይጨመር» ያልኩት እኔው ነኝ። ጉባኤው አጨበጨበ። ድሮ የቀረ ሰው በማግስቱ መጥቶ ምክንያቱን ይናገር ነበር፤ ያፍር ነበር። ቅጣቱ ሲጨምር ግን ማፈሩ ቀረና «ከፍያለሁ እኮ!» መጣ። በፈረንጆቹ 2000 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። በእስራኤሏ ሐይፋ ከተማ አንዳንድ መዋዕለ ሕፃናት ልጆቻቸውን አርፍደው የሚወስዱ ወላጆችን መቅጣት ጀመሩ። አርፋጁ ይቀንሳል ሲባል ጭራሽ ጨመረ። ቅጣቱ ሲነሣም ወላጆቹ ወደ ድሮው አልተመለሱም። ሳነበው የእኛን እድር ያየሁ መሰለኝ። እኛም ቅጣቱን ብንቀንሰው ይሉኝታው አብሮ አልተመለሰም።

በዚያ ክረምት የአንድ አባላችን እናት አረፉ። ሰውየው መዋጮ አሳልፎ አያውቅም፤ ቅጣቱንም ሁሉ ከፍሏል። ለቅሶ ግን አይደርስም። በደንቡ መሠረት ድንኳኑ ተተከለ፣ ገንዘቡ ተሰጠ፣ ቀብሩም ተፈጸመ። ማታ ግን አግዳሚዎቹ ባዶ ነበሩ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ቡናው ተፈልቶ ሲኒዎቹ እንደተደረደሩ ቀሩ። ሰውየው በር በሩን ያያል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ያ የቅጣት አንቀጽ በእጄ የተጻፈ መሆኑን አስብ ነበር። አሁንም ድረስ ያሳዝነኛል።

በፈረንጆቹ 2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚ የሆነችው ኤሊኖር ኦስትሮም የጋራ ሀብታቸውን ለረጅም ዘመን ጠብቀው የኖሩ ማኅበረሰቦችን አጥንታለች። ቅጣታቸው ከቀላል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚከብድ ሆኖ ነው ያገኘችው። የእኛም አባቶች መጀመሪያ የቀረ ሰው ቤት ሁለት ሰው ልከው «ምነው፣ ደህና ነህ?» ያስብሉ ነበር። አሁን ወደዚያ ተመልሰናል። ብሩ የሚመጣው ሰውየው ለሦስተኛ ጊዜ ከቀረ በኋላ ነው።

ተከራይን አለመመዝገብ። «ነገ ለሚለቅ ሰው?» ይባላል። ወይም መመዝገቢያው ከፍ ተደርጎ በሩ በዘዴ ይዘጋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አንድ አካባቢ አድገን፣ አንድ ደብር ተሳልመን፣ እርስ በርስ ተጋብተን የምንኖር ሰዎች የምናውቀው ያንኑ ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር በፈረንጆቹ 1973 ያሳየው ይህንን ነው፤ አዲስ ወሬ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አልፎ አልፎ ከምናገኘው ሰው ነው። በእኛ ሰፈር አንዲት እናት በሌሊት ሲታመሙ የሆስፒታሉን መግቢያ መውጫ አውቆ ያደረሳቸው ያ «ነገ የሚለቅ» የተባለ ተከራይ ነርስ ነው።

ሒሳብን በቃል ማስረዳት። በጽሑፍ አንብቡ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሌላ የምለው የለኝም።

አበል ያለበት ስብሰባ። አንድ ድርጅት የእድር አመራሮችን ሰብስቦ ስለ ጤና አሠለጠነ። ሥልጠናው ጥሩ ነበር፤ አበልም ከፈለ። በሚቀጥለው ወር የራሳችንን ስብሰባ ስንጠራ «አበል አለው?» ተባልን። የታክሲ መክፈል ያለ ነው፤ ሰው ከኪሱ አውጥቶ እንዲመጣ አይጠበቅም። በወዶ ዘማችነት ለሚሠራ ሥራ ግን አንዴ ክፍያ ካስለመዳችሁ በኋላ በነፃ መጠየቅ በጣም ይከብዳል።

የሚሮጡትን ልጆች ብቻ ማስሮጥ። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች አይታችኋል? ከኋላ ጠቅልለው፣ ተሸክመው ሮጠው ከፊት ይዘረጋሉ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበለዋል። እጅግ እወዳቸዋለሁ። እድር ላይ ግን ድንኳን የሚተክሉት ሁልጊዜ እነዚያው አራት ልጆች ናቸው። ሌላው ቆሞ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይላል። አራቱም ለሥራ ከከተማ የወጡ ጊዜ የትኛው ብረት ከየትኛው እንደሚገጥም የሚያውቅ ጠፋ። እየመሸ ነበር። ሴቶቹ በሞባይል እያበሩልን ሁለት ሰዓት ታገልን፤ ለቀስተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። አሁን ብረቶቹ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈናል። ተካዮቹም በየሦስት ወሩ ይቀያየራሉ።

የአዘዞዎቹ ልጆች ደንባቸውን አስተካክለው ቅዳሜ ይመጣሉ። የቅጣቱን አንቀጽ ወደ መጨረሻው ገጽ አውርዱት ብያቸዋለሁ። በእሱ ቦታ፣ አንድ ሰው ሲቀር ማን ቤቱ ሄዶ እንደሚጠይቀው በስም ይጽፋሉ።