ስሜን ተራሮችን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስሜንን የሚጎዳው ክፉ እንግዳ አይመስለኝም። ክፉው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ለዝንጀሮ ያዘነ፣ ብርድ ያንቀጠቀጠው፣ ለፎቶ የቸኮለ ሰው ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሣሩም ቁጥቋጦውም በእንፉቅቅ ነው የሚያድገው፤ ቆላ ላይ አንድ ክረምት የሚሽረው ቁስል እዚያ ለዓመታት ይቆያል።

ለጭላዳ ዳቦ መወርወር

ይህ የሁሉም አውራ ነው። ከፓርኩ መግቢያ ከተማ ከደባርቅ የወጣ መኪና ቡይት ራስ አካባቢ ይቆማል፤ መንጋው ሣር እየነጨ ተቀምጧል፤ ከመስኮት ብስኩት ይወረወራል፤ ልጆች ይስቃሉ። ጭላዳ ግን ሣር በል ነው። ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየነጨ የሚውል፣ ከሌላው ዝንጀሮ ኑሮው የተለየ እንስሳ ነው። ዳቦ ከለመደ መንገድ ዳር ይጠብቃል፣ ድንኳን ይበረብራል፣ ሰው አይፈራም። ሰው መፍራት ያቆመ መንጋ ደግሞ ገብስ ማሳ ሲያይ አይመለስም። ያኔ ድንጋይ ይዞ ሲሮጥ የሚውለው የገበሬው ልጅ ነው እንጂ ብስኩት የወረወረው እንግዳ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ወንዱ ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ ብዙ ሰው «ሳቀልኝ» ይላል። አልሳቀም፤ «ራቅ በል» ማለቱ ነው።

በማገዶ መሞቅ

ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ካምፕ ላይ ያደረ ሰው ሌሊቱን ያውቀዋል። ጋቢ አይበቃም፤ እጅ ወደ ደረቅ የአስታ ቅርንጫፍ ይሄዳል። አንድ እፍኝ ጭራሮ ምን ያጎድላል? የእርስዎ ብቻ ቢሆን ምንም። ግን ከእርስዎ በፊት ያደረውም፣ ነገ የሚመጣውም ከዚያው ካምፕ ዙሪያ ነው የሚለቅመው። አስታ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ አይደለም።

ሌላው የእሳቱ ባሕርይ ነው። በበጋ የደረቀ የጓሳ ሣርና አስታ አንዴ ከተያያዘ፣ ገደሉ ሰው አያስጠጋም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ስሜን ሲነድ ነዋሪው ቅጠል ይዞ ቀን ከሌት ተጋደለ፤ በኋላም ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስከመምጣት ተደረሰ። ስለዚህ ደባርቅ ላይ ምግብ አብሳይ ሲቀጥሩ ከዋጋው በፊት «በምንድን ነው የምታበስለው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ጋዝ ወይም ቡታጋዝ ካልሆነ እዚያው ገበያ ይግዙ። ለብርዱ ወፍራም የመኝታ ከረጢት እንጂ እሳት አይመኑ።

በአቋራጭ መውረድ

ጠመዝማዛው የእግር መንገድ የተሠራው ለመሰላቸት አይደለም። ቀጥታ ቁልቁል የተረገጠ መስመር በክረምት የጎርፍ ቦይ ይሆናል፤ በቀጣዩ ዓመት ቦዩ ራሱ ገደል ነው።

ጅብራ ላይ ተደግፎ ፎቶ መነሳት

ጅብራ፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ብዙ ዓመት ቅጠሉን ሰብስቦ ይቆይና ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ሳያብብ የተሰበረ ጅብራ ዘር አይተውም። ቆመው ይነሱ፣ አይደገፉት።

ውሻ ይዞ መውጣት

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ያውም በኢትዮጵያ ብቻ። ከአደኛ በላይ የሚፈጀው ከውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ መንጋ መንጋውን ጨርሷል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጠዋት ደርሶ ማታ ጎንደር መመለስ

የቀን ጎብኚ አቧራውን ትቶ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል። አስጎብኚው፣ ስካውቱ (መሣሪያ የያዘው የፓርኩ አጃቢ)፣ ባለ በቅሎው፣ ሻይ የምታፈላው እናት የሚያገኙት እንግዳ ሲያድር ነው። ዋሊያው በሕይወት መቆየቱ ለባለ በቅሎው እንጀራ ካልሆነ፣ በየትኛው ሒሳብ ይጠብቀው?

ሰው ከወጣ ተፈጥሮ ዳነ ማለት

ይህኛው የእንግዳ ሳይሆን የአስተዳዳሪ ስህተት ነው። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ተመደበ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ልቅ ግጦሽ ቀነሰ፣ ሣሩ ተነፈሰ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በብቸኝነት የሚሠራ መድኃኒት አድርጎ መውሰዱ ነው የማይገባኝ።

ምክንያቱም ሰሜን ሸዋ ውስጥ መንዝ አለ። የመንዝ ጓሳን ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት ባለመብቶች ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር (ከቅርቡ የፖለቲካ ቄሮ ጋር አያምታቱት)። አለቃ ይመርጣሉ፤ ጓሳውን ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጉታል፤ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ያጭዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ። ሰርቆ የገባ ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የባለመብቶቹን ሥልጣን ሲያነሣ ጓሳው ባለቤት አጣ፣ ተጋጠ፣ ታጨደ። ሕዝቡ ደንቡን ከዘመኑ ጋር አስማምቶ እንደገና አቆመው። ዛሬ መሐል ሜዳ አካባቢ ቢሄዱ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አለ፤ ጠባቂው የዚያው የመንደሩ ሰው ነው፤ ጓሳው ደግሞ ተራው ሲደርስ ይታጨዳል።