ኢቤይ ላይ በርካሽ እገዛለሁ ሲሉ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሰርግ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ ያገለገለ ሌንስ ሲፈልግ አሜሪካ ላለች እህቱ ይደውላል። ልጁ ከዚህ ሆኖ ኢቤይ ከሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ ላይ ይመርጣል፣ እሷ በካርዷ ትከፍላለች፣ እቃው በመንገደኛ ሻንጣ ይመጣል። መንገዱ ጥሩ ነው። ገንዘብ የሚባክነው ጨረታው ላይ ነው።

ዋጋ ሳያጣሩ መግባት

ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ሌላ፣ እቃው የተሸጠበት ዋጋ ሌላ። ማጣሪያው ውስጥ «የተሸጡ» የሚለውን ምረጡና ያው ሌንስ ሰሞኑን በስንት እንደሄደ እዩ። አምስት ስድስቱን ካያችሁ ዋጋው ይገባችኋል። ፒያሳ ስንት እንደሚሸጥም ጠይቁ። አንዳንዴ ልዩነቱ ለልፋቱ አይበቃም።

ከጅምሩ መጫረት

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። ጨረታው ሊዘጋ ስድስት ቀን ሲቀረው ገብቶ 30 ዶላር ይላል። ሌላው ሲበልጠው 35፣ ከዚያ 40። ምን አተረፈ? እቃው ፈላጊ እንዳለው ለሁሉም አወጀ፣ ዋጋውንም ራሱ ሰቀለው። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ሊገዛ የወጣ ሰው የወደደውን ግመል አፍጥጦ አያይም። እዚህም ያው ነው። እቃውን መከታተያ ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡና ዝም በሉ።

አሠራሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። ኢቤይ የሚጠይቃችሁ ጣሪያችሁን፣ ማለትም እከፍላለሁ የምትሉትን ትልቁን ዋጋ ነው፤ ለሌሎቹ ተጫራቾች አያሳይም፣ እስከዚያ ድረስ ግን ራሱ እየጨመረ ይጫረትላችኋል። እናንተ 120 ዶላር ጻፋችሁ፣ ከእናንተ ቀጥሎ ያለው ሰው ጣሪያ 90 ነው እንበል። የምትከፍሉት 91 ነው፤ በዚያ ደረጃ ላይ ጭማሪው አንድ ዶላር ስለሆነ። ስለዚህ ቁርጡን ዋጋ አንዴ መጻፍ አያከስርም። የሚያከስረው በትንሽ በትንሹ መጨመር ነው።

ደግሞ የኢቤይ ጨረታ በተባለው ሰከንድ ይዘጋል፤ መጨረሻ ላይ ሰው ጨመረ ተብሎ አይራዘምም። ጣሪያችሁን በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ካስገባችሁ ሌላው አስቦ ለመጨመር ጊዜ አያገኝም። ችግሩ የኛ ኔትወርክ ነው። አሥር ሰከንድ ሲቀር ስክሪኑ ላይ ክቧ እየዞረች ትቀራለች። ይህችን ሥራ ለእህትየው ተዉላት።

እልህ መጋባት

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ያገለገለ ሌንስም በአዲስ ዋጋ ያስገዛል። ጣሪያችሁ 100 ከሆነና አንዱ ከበለጣችሁ ይውሰደው። አብሽሩ፣ እንዲህ ያለ ሌንስ በየሳምንቱ ይወጣል።

ሰዓቱን አለማየት

ብዙ ሻጭ ጨረታው እሁድ ማታ እንዲዘጋ ያደርጋል፤ አሜሪካኑ ያኔ ቤቱ ነዋ። ካሊፎርኒያ እሁድ ምሽት 12 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፣ ብርዳቸው ሲገባ ደግሞ 11። ያን ሰዓት ተነስቶ ከብዙ ሰው ጋር መጋፋት አያዋጣም። እኔ ብሆን የምፈልገው እነሱ በተኙበት የሚዘጋውን ነው። ረቡዕ ምሳ እየበላችሁ 7 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ጨረታ፣ እዚያ ሌሊት ነው። ተፎካካሪ ይሳሳል።

የሌንሱን ወይም የካምፓኒውን ስም አሳስተው የጻፉ ሻጮችም አሉ። ስሙን አጣሞ መፈለግ ነው፤ ሌላው ስለማያገኘው ዋጋው አይነሳም።

የእቃውን ዋጋ ብቻ ማስላት

ጨረታው በ60 ዶላር አለቀ፣ ማጓጓዣው 18። ሒሳቡን ከመነሻው ደምሩት። አብዛኞቹ የአሜሪካ ስቴቶች የሽያጭ ታክስም ይጨምራሉ። ዘመዳችሁ ኦሪገን ወይም ደላዌር ካለ ይህ የለም። ከዚያ ምንዛሬው አለ፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር የአምናውን ይዛችሁ አታስሉ። ክብደትም አይረሳ። መንገደኛው ሻንጣው 23 ኪሎ ሲሞላ መጀመሪያ የሚያወጣው የእናንተን እቃ ነው፤ የእናቱን አይደለም።

መግለጫውን በግማሽ ማንበብ

«አልተሞከረም» የሚል ቃል ስታዩ ጠርጥሩ። እንዲህ ከሚባለው ብዙው ተሞክሮ እንቢ ያለ ነው። «ለመለዋወጫ» ካለ ደግሞ ግልጽ ነው፣ እለፉት። ስልክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን፣ በአንድ የቴሌኮም ኩባንያ አለመቆለፉን ጠይቁ። መብራትም አለ። የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። የካሜራ ቻርጀር ላይ «100-240» ከተጻፈ ይሠራል። 120 ብቻ የሚል የልብስ ስፌት ማሽን ግን እዚህ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።

ገንዘቡን ከኢቤይ ውጭ ላኩልኝ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ መልስ እንኳ አትስጡ።

እቃውን ሳይከፍቱ ማስቀመጥ

እህትየው ካርቶኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች፣ ለዒድ ወይም ለገና የሚመጣ ሰው እስኪገኝ። ሲከፈት ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ አለ። ኢቤይ ገንዘብ የሚያስመልሰው ግን ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ካመለከታችሁ ነው። ስለዚህ በደረሰበት ዕለት ትክፈተውና በቴሌግራም ቪዲዮ ታሳያችሁ። ሌንሱን ወደ መብራት አዙራ በስልኳ ባትሪ ውስጡን ታብራ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። የማጉያው ቀለበት ያለ መንቀርፈፍ መዞሩን፣ ካሜራ ካላትም አውቶፎከሱ መሥራቱን ትሞክር። አንዱ እንከን ከወጣ ያኔውኑ ታመልክት።