ቤት የቀዳሁት ድምፅ ሲያስተጋባ ምን አደረግኩ?

ቤት የምቀዳው ድምፅ ሁሉ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተዘፈነ ይመስል ነበር። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። መጀመሪያ የእንቁላል ካርቶን ለጠፍኩ፤ ስስ ስለሆነ ምንም አልረዳም። ቀጥሎ ሪፐር በሚባለው የድምፅ መቅጃ ሶፍትዌር ላይ በኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ከፍ ዝቅ ማድረጊያ) ሞከርኩ። አንዴ የገባ ማስተጋባት በኢኪው አይወጣም፤ ድምፄን አደነዘዘው እንጂ። ስቱዲዮ ልከራይ ተነስቼ ነበር።

መፍትሔው ከጀርባዬ ነበር። ካርዲዮይድ ማይክ በደንብ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ነው፤ ማለትም አፌንና ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ። ከኋላዬ ፍራሽ አቆምኩ፣ በግራና ቀኝ ጋቢ ደራርቤ ሰቀልኩ። ትንሹንም ድምፅ የሚይዘውን ኮንደንሰር ማይኬን ትቼ በሹር ኤስኤም58 ማይክ ከአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ቀዳሁ። ጥርት አለ! «ፐ» ስትሉ ትንፋሻችሁ እንዳይመታው ማይኩን ትንሽ ወደ ጎን አዘንብሉት።

ክራርም በዚሁ መንገድ ያምራል። ድራም ግን ብዙ ማይክና ሰፊ ክፍል ይፈልጋል፤ የስቱዲዮ ብራችሁን ለእሱ አስቀምጡ።